የወባ ትንኝን በሕይወት ከጎጃም ገጠር እስከ ቤተ ሙከራ ማድረስ፦ ዝርዝር መመሪያ

የተመደበልን መኪና ከሳምንት በፊት የቤት ለቤት ርጭት ኬሚካል ሲያመላልስ ከርሞ ነበር። ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ ፍኖተ ሰላም ዙሪያ ሁለት ቀን ለፍተን የሰበሰብናቸው ትንኞች ቡሬ ሳንደርስ በጀርባቸው ተንጋልለው ካየሁ በኋላ። ሹፌሩን ስጠይቀው «ታጥቧል እኮ!» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ታጥቧል። ምንጣፉ ሥር የገባውን ግን ማን ያጥበዋል?

የዚያን ቀን ኪሳራ በዓይን የሚታይ ስለነበር ማንንም አላሳሳተም፤ ተመልሰን እንደገና ሰበሰብን። እኔን የሚያስፈራኝ ሌላው ነው፦ ትንኞቹ ሳይሞቱ፣ ግን ዝለው፣ ተርበው፣ ተንገላተው ሲደርሱ። እንዲህ ያለች ትንኝ ቤተ ሙከራ ገብታ የርጭት ኬሚካል ስታገኝ ቶሎ ትሞታለች። እኛም «ኬሚካሉ ይሠራል» ብለን እንጽፋለን። የገደላት ግን ኬሚካሉ ብቻ ሳይሆን የኮሶበር (የእንጅባራ) ብርድ ወይም የመንገዱ መናጥ ሊሆን ይችላል። በዚያ ወረቀት ላይ ተመሥርቶ ኬሚካል ይገዛል፣ ቤት ይረጫል፤ ጤነኛዋና ጠንካራዋ ትንኝ ግን እዚያው ገጠር ቀርታ ሥራዋን ትቀጥላለች። ስለዚህ ከታች የምዘረዝረውን ሁሉ የሙከራው አንድ አካል አድርጋችሁ ያዙት እንጂ የሹፌርና የጭነት ጉዳይ አታድርጉት።

ለምን በሕይወት?

አካባቢያችን ለወባ አዲስ አይደለም። በ1951 ዓ.ም. መግቢያ ገደማ፣ በአውሮፓውያኑ 1958 ማለት ነው፣ በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ የተነሣው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳሳመመና 150,000 ያህል ሰው እንደገደለ ይገመታል። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን ቤት ሲረጭ የኖረው ዲዲቲ ነበር። ዋናዋ አስተላላፊ አኖፌለስ አራቢየንሲስ ዲዲቲን ለመደችው። ቀጥሎ የመጡትን፣ አጎበር የሚነከርባቸውን የፓይሬትሮይድ ኬሚካሎችም በብዙ ቦታ ተላመደቻቸው። የትኛው ኬሚካል የት እንደሚሠራ ለማወቅ የዚያኑ ቀበሌ ትንኝ በሕይወት አምጥቶ ከመፈተን ሌላ አስተማማኝ መንገድ የለም።

ፈተናው በአጭሩ እንዲህ ነው። ከ3 እስከ 5 ቀን ዕድሜ ያላቸው፣ ደም ያልመጠጡ ሴት ትንኞች በ25 በ25 ተከፍለው ኬሚካል የተቀባ ወረቀት ባለበት ቱቦ ውስጥ ለ1 ሰዓት ይቆያሉ። ከዚያ ወደ ንጹሕ ቱቦ ተዛውረው ከ24 ሰዓት በኋላ የሞተው ይቆጠራል። ከ100 ትንኝ 98 እና ከዚያ በላይ ከሞተ ኬሚካሉ ይገድላል፤ ከ90 በታች ከሆነ ትንኟ ተላምዳዋለች፤ በመካከሉ ያለው ጥርጣሬ ነው፣ ይደገማል። ጎን ለጎን ኬሚካል በሌለው ወረቀት የሚቀመጡ ማነጻጸሪያ ትንኞችም አሉ። ከእነሱ 20 ከመቶ ከሞተ ፈተናው በሙሉ ይጣላል። የመንገዱ ኃጢአት የሚጋለጠው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ የሚወሰነው፦ እጭ ወይስ የምትበር ትንኝ?

የእኔ ምክር አጭር ነው። ለኬሚካል ፈተና ከሆነ እጭ አምጡ። ከእጭ የፈለቀች ትንኝ ዕድሜዋ በቀን ይታወቃል፤ ደም እንዳልመጠጠችም እርግጠኛ ናችሁ። ከቤት ግድግዳ ላይ የተያዘችው ግን የ3 ቀን ትሁን የ3 ሳምንት ማን ያውቃል? ደግሞም የወባ ተሕዋስ ይዛ ሊሆን ይችላል፤ እጭ ግን ወባ አትይዝም፣ ተሕዋሱን ትንኟ የምታገኘው ከታመመ ሰው ደም ስትመጥ ነውና።

ጥያቄያችሁ «የትኛዋ ዝርያ ናት? የማንን ደም መጠጠች? ወባ ይዛለች ወይ?» ከሆነ ደግሞ በሕይወት ማምጣት አያስፈልግም። እዚያው ግደሏት፤ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል ባለባት ትንሽ ቱቦ ለየብቻ አድርጋችሁ አምጧት። ሞታ ልትመጣ የምትችለውን በሕይወት ማመላለስ ትርፉ ጣጣ ነው።

ስንት እጭ? እዚህ ላይ ጀማሪዎች ሁልጊዜ ይሳሳታሉ። ለ1 ኬሚካል 100 ትንኝ፣ ለማነጻጸሪያ 50፣ ድምር 150። ግን የሚፈተኑት ሴቶቹ ብቻ ናቸው፤ ከሚፈለፈሉት ግማሽ ያህሉ ወንድ ነው። ስለዚህ 300 መፈልፈል አለባቸው። በመንገድና በማርቢያው የሚሞተውን ስትጨምሩ እኔ ከ450 እስከ 500 እጭ ሳልይዝ አልነሣም። ሁለት ኬሚካል ካለ ደግሞ ሌላ 100 ሴት፣ ማለት ሌላ 300 ያህል እጭ ትጨምራላችሁ። ይህን ያህል ከአንድ ኩሬ ብቻ አትቅዱ። የአንድ እናት ልጆች ብቻ ከሆኑ ቀበሌውን አይወክሉም፤ ከተለያየ ቦታ አሰባስቡ።

ፈቃድና ሰላምታ

ከጤና ቢሮ ወይም ከምትሠሩበት ተቋም ደብዳቤ፣ ከዚያ የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያ ቀበሌው። በመጨረሻ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ። በተግባር ሥራው ያለ እሷ አይሆንም፤ የት ውኃ እንደቆመ፣ የትኛው ቤት ወባ እንደበዛበት፣ ማን በር እንደሚከፍት የምታውቀው እሷ ናት። የመንገዱን ሁኔታም ከመነሣታችሁ በፊት እሷንና የወረዳውን ሰዎች ጠይቁ፤ መንገድ ቢዘጋ እጩ የት እንደሚያድር ቀድሞ ይታወቅ። ጤና ጣቢያ ውስጥ አንድ ጥላ ያለበት ክፍል ተነጋግሮ መያዝ ብዙ ጊዜ አድኖኛል።

በአንድ ቀበሌ እጭ ስንቀዳ ቆመው ያዩን አንዲት እናት «ልጆቼ፣ ቢምቢ ለቅማችሁ ምን ታደርጉባታላችሁ?» አሉን። ነገርናቸው። ትንሽ አስበው «ደግ፤ ውሰዷት። ግን መልሳችሁ እንዳታመጡብን!» አሉ። ከብዙ ሰነድ የተሻለ የጥንቃቄ ደንብ ነው፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

የሚያዝ ዕቃ

እጀታው የረዘመ ነጭ ጭልፋ፣ ባለሙያዎቹ ዲፐር የሚሉት፣ 350 ሚሊ ሊትር ያህል የሚይዝ። ነጭ ሳፋ። ጫፉ ሰፋ ተደርጎ የተቆረጠ የፕላስቲክ ማንጠባጠቢያ፤ ቀጭኑ እጩን ይደፈጥጠዋል። አፈ ሰፊ ግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ዕቃዎች ከነክዳናቸው። ቦቲ ጫማ። ቴርሞሜትር። እርሳስና ወፍራም ወረቀት። የሻሽ ጨርቅ፣ ላስቲክ፣ ፎጣ፣ ጥጥ፣ ስኳር። ትልቅ አይስ ቦክስ ከነአይስ ፓኩ።

ስለ አይስ ቦክስ አንድ ነገር ልበል። ከጤና ጣቢያ የክትባት ሣጥን መዋስ ይቀናል፤ አትዋሱ። የክትባት ዕቃ ለክትባት ይቆይ። ዓሣ ወይም ሥጋ የተጫነበትንም አትውሰዱ፤ ሽታው ጉንዳን ይጠራል። የራሳችሁ፣ ለዚህ ሥራ ብቻ የሚውል ይኑር፤ በትልቁ «ትንኝ» ብላችሁ ጻፉበት።

«ሃይላንድ» የምንለው የውኃ ላስቲክ ይሆናል ወይ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። ካጡ ይሆናል። ግን አፉ ጠባብ ስለሆነ አየር አይበቃም፤ እጩን መልሶ ማውጣትም ፈተና ነው። ለስላሳ መጠጥ የነበረበት ከሆነ ደህና አድርጋችሁ በውኃ ብቻ አለቅልቁት። ማንኛውም ዕቃ በሳሙናና በበረኪና ታጥቦ በደንብ ካልተለቀለቀ እጭ ይገድላል፤ ሳሙና የውኃውን ገጽ ስለሚያላላው እጩ ለመተንፈስ ተንጠልጥሎ መቆየት ያቅተዋል።

እጭ መቅዳት

ጊዜው መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር ነው። ክረምቱ ሲወጣ ጎርፉ ይቆምና ውኃው በየጉድጓዱ ረግቶ ይቀራል። በበጋ ደግሞ መስኖ ያለበትን ሂዱ። መራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ መስኖ ወደ 7,000 ሄክታር ያህል መሬት እንዲያለማ የተሠራ ነው፤ ከቦዩ የሚያፈስሰው፣ በግድቡ ዳር ከብት የረገጠው፣ ሌላው አገር በሚደርቅበት ወር እርጥብ ሆኖ ይቆያል። የወባ ትንኝ የምትወደው ትልቁን ሐይቅ አይደለም። ፀሐይ የሚያገኘው፣ ጥልቀት የሌለው፣ ጥርት ያለ፣ አዲስ የተጠራቀመ ውኃ ይሻላታል፤ የከብት ኮቴ፣ ሸክላ ወይም ጡብ ለመሥራት አፈር የተቆፈረበት ጉድጓድ፣ የመንገድ ሥራ ትቶት የሄደው ቦረቦር። የሽንት ቤትና የቆሻሻ ፍሳሽ ላይ የምታገኙት አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ዝርያ ነው።

ስትጠጉ ጥላችሁ ውኃው ላይ አይረፍ። ጥላ ያየ እጭ ወዲያው ጠልቆ ይወርዳል። ከወረደ ጥቂት ደቂቃ ዝም ብላችሁ ቁሙ፤ መተንፈስ ስላለበት ይወጣል። ጭልፋውን 45 ዲግሪ ያህል አዘንብላችሁ በሣሩ ዳር ዳር ቀስ ብላችሁ ጥለቁ፤ ውኃው ራሱ ወደ ጭልፋው ይፍሰስ። ጭልፋውን እንደ ወጥ ማማሰል ድፍርስ ውኃ ብቻ ነው የሚሰጣችሁ።

ሳፋው ላይ ገልብጣችሁ ለዩ። የአኖፌለስ እጭ ከውኃው ገጽ ጋር ትይዩ ሆና ተጋድማ ትንሳፈፋለች። ኩሌክስና ኤደስ የሚባሉት ጭንቅላታቸውን ወደ ታች ዘቅዝቀው፣ በጭራቸው ባለች የመተንፈሻ ቱቦ ይንጠለጠላሉ። አንዴ ያየ ሰው አይስታትም። እነዚህን ተዉአቸው። ከሁሉ በላይ ግን አጥቂዎቹን አውጡ፦ የውኃ ተርብ (ድራጎንፍላይ) እጭ፣ ዋናተኛ ጥንዚዛ፣ ጭራ ያላት የእንቁራሪት ልጅ። አንድ የተርብ እጭ በዕቃው ውስጥ ተደብቆ ከገባ ባሕር ዳር የምትደርሱት ከጠገበ የተርብ እጭ ጋር ነው።

እጭ አራት የዕድገት ደረጃ አላት። ሦስተኛና አራተኛ ደረጃ የደረሱትን ምረጡ። ትንንሾቹ መንገድ አይችሉም። ፑፓ የሆኑትን፣ ማለት ከእጭ ወደ ትንኝ የሚሸጋገሩትንና እንደ ነጠላ ሰረዝ የተጣጠፉትን፣ ከእጩ ጋር አትቀላቅሉ፤ በሁለት ቀን ውስጥ ትንኝ ሆነው ስለሚወጡ በተከደነ ዕቃ ውስጥ ከፈለቁ ሰምጠው ይሞታሉ።

ማሸግ

ዕቃውን በዚያው በተቀዱበት ውኃ ሙሉት። የቧንቧ ውኃ አትጨምሩ፤ ክሎሪን አለው። ውኃው ድፍርስ ከሆነ በሻሽ ጨርቅ አጥልሉት። እስከ አፉ አይሞላ፤ አስፋልት ከሆነ እስከ ሁለት ሦስተኛው፣ ኮረኮንች ከሆነ እስከ ግማሹ ብቻ። እጭ የሚተነፍሰው ከውኃው ገጽ ላይ ካለው አየር ነው፤ ክዳኑና ውኃው መካከል ክፍተት ከሌለ ይታፈናል። በግማሽ ሊትር ዕቃ ከ50 እስከ 80 እጭ አደርጋለሁ። ብዙ ዕቃ መያዝ ያስቸግራል ብሎ 200 መጠቅጠቅ የጀማሪ ስስት ነው። ለመንገድ ተብሎ ምግብም አይጨመር፤ ውኃው ይበላሻል። የአንድ ቀን መንገድ በረኃብ አይሞቱም።

ፑፓዎቹን ሁለት ዓይነት መንገድ አለ። አንደኛው፣ ከታች ሁለት ጣት የማይሞላ ውኃ ያለበት የወረቀት ኩባያ ላይ አድርጎ አፉን በሻሽ ጨርቅና በላስቲክ ማሰር። ሁለተኛው ሰዎች ሲሰሙ አያምኑኝም፦ ውኃ በጠገበ ወረቀት ላይ ደርድሮ፣ ጠፍጣፋ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ማድረግ። ፑፓ አትበላም፤ ወረቀቱ እርጥብ እስከሆነ ድረስ ለሰዓታት ትችላለች፤ ውኃ ስለሌለ አይንጣትም። መንገዱ ክፉ ከሆነ ይህን እመርጣለሁ።

ስም ማስፈር፦ ቀን፣ ቀበሌ፣ የውኃው ዓይነት፣ የሰበሰበው ሰው። በእርሳስ ተጽፎ በዕቃው ሆድ ላይ ይለጠፍ። ክዳን ላይ አትጻፉ። ስምንት ዕቃ ተከፍቶ መልሶ ሲከደን የየትኛው ክዳን የየትኛው እንደነበር የሚያስታውስ ሰው አላየሁም፤ የሊበኑ እጭ የጃቢ ጠህናን ሆኖ መዝገብ ሲገባ ግን አይቻለሁ።

መንገዱ

ከመነሣታችሁ በፊት መኪናውን ፈትሹ። «ምን ጭኖ ነበር?» ብላችሁ ሹፌሩን ጠይቁ፤ የርጭት ኬሚካል፣ የአረም መድኃኒት፣ የእህል መድኃኒት ከነበረ ሌላ መኪና ይፈለግ። ሌላ ከሌለ ሣጥኑ ጭነት ላይ ሳይሆን ሰው መቀመጫ ላይ፣ በንጹሕ ሸራ ላይ ይቀመጥ፤ ይህም የመጨረሻው አማራጭ ነው። መኪና ውስጥ የዝንብ መግደያ አይረጭ፣ ሲጋራ አይጨስ፤ እናንተም ትንኝ ማባረሪያ ቅባት በተቀባ እጅ ዕቃ አትንኩ። የሕዝብ ሚኒባስና አውቶቡስ አይታሰብ፤ አንድ ዕቃ ቢከፈት ተጠያቂው እናንተ ናችሁ።

አሁን ወደ ጎጃም መልክዓ ምድር ልምጣ። የማርቢያ ክፍል 27 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚይዘው፤ በመንገድ ላይ ከ20 እስከ 27 ቢሆን ደስ ይለኛል። ከፍኖተ ሰላም ባሕር ዳር ስትሄዱ ግን በቡሬ፣ በቲሊሊ አድርጋችሁ ኮሶበር ትወጣላችሁ። እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ በኅዳር ጠዋት ሰው ጋቢ ደርቦ ይቆማል። ከዚያ በዳንግላ በኩል ወርዳችሁ መራዊና ባሕር ዳር ስትደርሱ፣ 1,800 ሜትር አካባቢ፣ ፀሐዩ ያቃጥላል። ስለዚህ አይስ ፓክ ከቤት እስከ ቤት አይቀመጥም። ፍኖተ ሰላም ላይ በፎጣ ጠቅልላችሁ አስገቡ፤ ቡሬ ላይ አውጡ፤ ኮሶበርን ያለ በረዶ፣ ሣጥኑን በጋቢ ሸፍናችሁ እለፉ፤ ከዳንግላ በኋላ ቴርሞሜትሩን አይታችሁ መልሱ። አይስ ፓክ በምንም ዓይነት ዕቃውን በቀጥታ አይንካ፤ በነካው በኩል ያሉት እጮች ደርቀው ታገኟቸዋላችሁ።

ወደ አዲስ አበባ አቅጣጫ የሚላክ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። ደብረ ማርቆስና ደጀን ብርድ ነው። ከደጀን በኋላ ግን መንገዱ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ ድልድዩ ጋ ስትደርሱ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ብላችኋል። ሙቀቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይለወጣል። ከጭነት መኪና ኋላ እየተጎተቱ በቀትር ዓባይን መውረድ እጭ መቀቀል ነው። ደጀን አድራችሁ ንጋት ላይ ውረዱ፤ በ1 ሰዓት ተኩል ጎሐ ጽዮን ላይ መሆን ትችላላችሁ።

በየ2 ሰዓቱ ቁሙ። ክዳኖቹን ሁሉ ክፈቱ፣ አየር ይግባ፣ የሞተውን በማንጠባጠቢያ ልቀሙ፤ የሞተ እጭ ውኃውን ያበላሸዋል። ሹፌሩ ይቸኩላል፣ «አሁን አይደል የቆምነው» ይላል። ያው ምሳም መብላቱ አይቀርም፤ ከእሱ ጋር አስማሙት። ምሳ ቤት ስትገቡ ግን ሣጥኑን መስኮቱ በተዘጋ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ ጥላችሁ አትግቡ። ይዛችሁት ግቡ፤ አስተናጋጇ ብትገረምም ትገረም።

የምትበር ትንኝ መውሰድ ግድ ከሆነ

አንዳንዴ ደም የጠጣችዋን ይዞ እንቁላል ማስጣል ያስፈልጋል፤ እጭ ባልተገኘበት ወቅት ልጆቿን ለመፈተን። ያን ጊዜ ወደ ቤት ትገባላችሁ።

ሰዓቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው፤ ቁርስ ሊሠራ ምድጃ ከመያያዙ በፊት። ጭስ ከተነሣ ትንኞቹ በጣሪያው ክፍተት ይወጣሉ፤ ግድግዳው ላይ ባዶ ጭቃ ታቅፋላችሁ። በር ላይ ቆማችሁ «ቤቶች! እንደምን አደራችሁ?» በሉ፤ ሳይፈቀድ አይገባም። ባትሪ ይዛችሁ ከአልጋው በስተጀርባ፣ ከቆጡ ሥር፣ የተሰቀለ ልብስ መካከል ፈልጉ። ጋጣውንም አትለፉት፤ አራቢየንሲስ ከብትም ትወዳለች፣ ደም ጠጥታ እዚያው ትተኛለች። ሆዷ ቀይ ወይም የጠቆረ ይሆናል፤ ስታርፍ የኋላ አካሏን ወደ ላይ አንሥታ ነው። በአስፒሬተር፣ ትንኝን በአየር በሚስበው ቱቦ፣ ቀስ አድርጋችሁ ሳቧት። በአፍ የሚሳበው ከሆነ ማጣሪያ ይኑረው፤ የትንኝ ብናኝ ሳንባ አይወድም።

በአንድ የወረቀት ኩባያ ከ20 አትበልጥ። ክዳኑ ሻሽ ጨርቅ፣ መካከሉ ላይ በጥጥ የምትደፈን ቀዳዳ። ከላይ 10 ከመቶ የስኳር ውኃ የነካ ጥጥ አስቀምጡ፤ ጥጡ ይጨመቅ፣ አይንጠብጥብ፤ ጠብታ ትንኟን ያጣብቃታል። ኩባያዎቹን አቁማችሁ ደርድሩ፤ ዙሪያቸውን በእርጥብ ፎጣ ሸፍኑ። ትንኝን ከሙቀት ይልቅ ደረቅ አየር ቶሎ ይጨርሳታል፣ ስለዚህ ፎጣው በየማቆሚያው ይርጠብ።

ስትጨርሱ «ቡና ጠጡ» መባሉ አይቀርም። እምቢ አይባልም፤ እኔም አልልም። ግን ሦስተኛው እስኪፈላ ድረስ ኩባያዎቹ ደጅ ላይ ቆይተው፣ ፀሐይዋ ዞራ ስታገኛቸው፣ ዶሮ ደግሞ ሻሹን ስትወጋ የደረሰብኝ ነው። ቤት ውስጥ፣ ጨለም ያለ ጥግ ላይ፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ።

የማይጫን

ከከተማ በርሜል፣ ከግንባታ የውኃ ጋን፣ ከጎማ ውስጥ የአኖፌለስ እጭ ካገኛችሁ በሕይወት ከቦታው እንዳታንቀሳቅሱት። በ2016 እ.ኤ.አ. ሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በአገራችን የተገኘችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ ከእስያ የመጣች፣ በከተማ የተጠራቀመ ውኃ ላይ የምትራባ የወባ ትንኝ ናት። እሷን ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው በእጃችን ወስደን ብንዘራት ማን ይቅር ይለናል? እዚያው አልኮል ውስጥ ግደሉና የሞተውን አምጡ፤ ለወረዳውም ወዲያው አሳውቁ።

የእማማን «መልሳችሁ እንዳታመጡብን» ይዛችሁ ቀሪውንም እዩት። የተረፈ እጭ የትም አይደፋም። መንገድ ላይ ዕቃ ቢሰበር ውኃው በደረቅ አፈር ላይ ይፍሰስ እንጂ ቦይ ውስጥ አይግባ። የበረረች ትንኝ መኪና ውስጥ ካመለጠች መስኮት ከፍቶ መሸኘት የለም፤ ቁማችሁ ያዟት ወይም ግደሏት።

ሲደርሱ

ዕቃዎቹን እንደደረሱ አትገልብጧቸው። ክዳናቸውን ከፍታችሁ በማርቢያው ክፍል ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ያህል ተዉአቸው፤ ውኃው የክፍሉን ሙቀት ይልመድ። ደብረ ማርቆስ ላይ የምትሠሩ ከሆነ ክፍሉ ማሞቂያ ያስፈልገዋል፤ የከተማው አየር ብቻውን እጭ አያሳድግም። ከዚያ ጥልቀቱ ሁለት ጣት ያህል በሆነ ሰፊ ሳህን ላይ በየቀበሌው ለይታችሁ አፍስሱ። የሞተውን ቆጥራችሁ መዝግቡ። ይህ ቁጥር ብዙዎች የሚዘሉት ነው፤ እኔ ግን ከአምስቱ አንዱ ከሞተብኝ የተረፉትንም አላምናቸውም፣ ወደ ፈተና አላስገባቸውም።

ምግባቸው የተፈጨ የዓሣ ምግብ ወይም ቁንጥር እርሾ ነው፤ ከውኃው ላይ ጥቂት ብናኝ ብቻ። ውኃው ከደፈረሰ አብዝታችኋል። በየጠዋቱ ፑፓዎቹን ልቀሙ፣ በኩባያ አድርጋችሁ የወንፊት ጎጆ ውስጥ አስገቡ፤ የተፈለፈሉበትን ቀን ጎጆው ላይ ጻፉ። ጎጆው የቆመበት ጠረጴዛ እግሮች ውኃ ባለበት ጣሳ ውስጥ ይቁሙ ወይም ቫዝሊን ይቀቡ። በአንድ ሌሊት ጉንዳን ሙሉ ጎጆ ባዶ ያደርጋል።

ፈተናው ሲያልቅ በሕይወት የተረፉትንም ወደ ፍሪዘር አስገቡ፤ እነሱ ናቸው ኬሚካሉን የቻሉት፣ ዝርያቸውና ዘራቸው ይጠናል። የገጠሩ ውኃ ተፈልቶ ይደፋ። ዕቃው ያለ ሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይድረቅ። ከዚያም ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ደውሉ፤ ቁጥሩን ንገሯት፦ ከ100 ስንት ሞተ፣ ስንት ቆመ። እማማ መጠየቃቸው አይቀርም፤ መልሱን የምትነግራቸው እሷ ናት።